«ጭልፋው አንድ ነው» ስላለችን አስተናጋጅ

ለ፦ በአዲስ አበባ ለምትገኙ የምግብ ቤትና የሆቴል ባለቤቶች
ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ፣ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ ደንበኛ ከቤታችሁ ይዞት ስለሚወጣው ነገር

ጤና ይስጥልኝ፣

ሦስት ዓመት አስተናጋጅ ነበርኩ። አሁን ኑሮዬ በሌላ ሥራ ነው። ምሳዬን ግን አብዛኛውን ጊዜ የምበላው እናንተው ጋ ነው። ትሪ ይዤም አውቃችኋለሁ፣ ወንበር ስቤም አውቃችኋለሁ። ለዚህ ደብዳቤ ያነሳሳኝ አንድ ሮብ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ያየሁት ነገር ነው። ከሆዴ አልወጣ ብሎኛል።

እናቴ ለዓይን ሕክምና ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ሰባት ሰዓት ሆኗል። «ቤት ሄደን እንብላ» አለች። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ደህና ቦታ ልጋብዛት ፈለግሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ምግብ ቤት ገባን። ወንበሩ አዲስ ነው፣ መብራቱ ያምራል፣ ግድግዳው ላይ አገልግልና ወንፊት ተሰቅሏል።

እናቴ መጀመሪያ የፈለገችው እጇን መታጠብ ነው። ቧንቧው ውሃ የለውም። ሥሩ በርሜልና ጆግ ተቀምጧል። ሳሙና የለም። ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፣ በዚህ ማንንም አልወቅስም። በአንድ እጇ ጆጉን ይዛ ሌላውን ለመታጠብ ስትታገል አንዲት አስተናጋጅ አየቻት። የያዘቻቸውን ብርጭቆዎች አስቀምጣ መጣች። ጆጉን ተቀበለቻትና አስታጠበቻት። ከኪሷ ሶፍት አውጥታ ሰጠቻት። ምንም አላለችም፣ ብርጭቆዎቿን አንስታ ሄደች። እናቴ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ፊቷ በርቶ ነበር።

ሜኑ መጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ ዳዊት የምትደግም ሴት ናት። ማንበብ ሳይቸግራት፣ በገዛ አገሯ ምግብ ቤት፣ ሜኑውን ገለጥ አድርጋ ዘጋችውና ወደኔ ገፋ አደረገችው። «አንተ እዘዝ፣ የጾም ይሁን ብቻ» አለችኝ። በያይነቱ አዘዝን።

ምግቡ ቶሎ መጣ። እናቴ አማትባ እንጀራውን ቆረሰች፣ ሽሮውን አጠቀሰች፣ ወደ አፏ አደረሰችና አፍንጫዋ ሥር ስትደርስ ቆመች። እኔ እንዳላፍር ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቅቤ ቅቤ ይለኛል» አለች። አስተናጋጇን ጠራኋት።

ምን እንደምትል አውቅ ነበር። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ስንት ሰው «ቅቤ ይሸታል» ሲለኝ «ኧረ የጾም ነው እማማ፣ ዘይት ነው» ብያለሁ። እንድንል የተነገረን እንደዚያ ነው። ይቺ ልጅ ግን ጎንበስ ብላ፣ አፏን ከእናቴ ጆሮ እኩል አድርጋ፣ እንዲህ አለች፦ «እማማ፣ ሽሮው በዘይት ነው የተሠራው። ጭልፋው ግን አንድ ነው። ሲጣደፉ ከፍስኩ ድስት ወጥቶ እዚህ ይገባል። ይቅር ይበሉኝ፣ አዲስ አሠራሎታለሁ።»

ትሪውን አንስታ ሄደች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በትንሽ ሸክላ ድስት የሚንተከተክ ተጋቢኖ ይዛ መጣች። «ቆሜ ነው ያሠራሁት» አለች። እናቴ ጠግባ በላች። ምርቃቷንም አወረደችው፦ «ወልደሽ ሳሚ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ።»

ሂሳብ ልከፍል ስነሳ ልጅቷ ካሸሩ ፊት ቆማ ነበር። «የተመለሰው በያይነቱ በአንቺ ሂሳብ ነው» ይላታል። ድምፁ አልተቆጣም፣ እንደ ልማድ ነው የሚያወራው። እኔ ልክፈል አልኩ። «ብራዘር፣ አንተን አይመለከትህም። የውስጥ አሠራር ነው» አለኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች።

ውድ ባለቤቶች፣ ይህን ያህል በዝርዝር የጻፍኩት የዚያን ቀን ቤቱ የነበረው ትልቁ ሀብት ምን እንደሆነ እንድታዩልኝ ነው። ወንበሩ አልነበረም። መብራቱም አልነበረም። እናቴ ደብረ ብርሃን ተመልሳ ለጎረቤት ያወራችው ስለ አንዲት ልጅ ነው። ቤቱ ደግሞ ያቺን ልጅ ስለ ደግነቷ አስከፈላት። ነገ ሌላ እናት «ቅቤ ይለኛል» ስትላት ምን የምትል ይመስላችኋል?

«ከፍትፍቱ ፊቱ» እንላለን። ብዙዎቻችሁ ይህን አባባል ታውቁታላችሁ፣ ስትቀጥሩም «ፈገግ በይ፣ ፈገግ በል» ትላላችሁ። ፊት ግን በትእዛዝ አይፈታም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገብቶ ማታ 3 ሰዓት የሚወጣ ልጅ ከሰዓት በኋላ ላይ ፊቱ ቢጠቁር አመል አይደለም፣ እግሩ ነው። ውጪ ቁጭ ብዬ «ይሄ አስተናጋጅ ምን ነካው» የሚል ሰው ስሰማ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ክትፎ አቀረብኩ። ለብለብ፣ ጥሬ፣ ስፔሻል፣ በአይብና በጎመን፣ በቆጮ። አንድም ቀን አልቀመስኩም። የሠራተኛ ምግብ የሚባለው ትናንት የተረፈ እንጀራና ሽሮ ነበር። ደንበኛ «ክትፎው ዛሬ እንዴት ነው?» ሲለኝ «በጣም አሪፍ ነው» እላለሁ። ምን አውቄ! ያን ቀን ቅቤው ደህና ይሁን፣ ሚጥሚጣው ይብዛበት፣ የማውቀው ነገር አልነበረም። ደንበኛው ግን ቃሌን አምኖ ከኪሱ ያወጣል። ሲያዝንም የሚያዝነው በእኔ ነው። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ከየድስቱ አንዳንድ ጉርሻ ለሠራተኞቻችሁ አስቀምሱ። ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ልጆቹ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ምግቡ ሲናገሩ እውነት ይኖራቸዋል።

ይህ እውነት እኛ አገር ከሌላው ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ሮብና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የገና ጾም አለ። ሙስሊሙ ደንበኛችሁ ሥጋው የማን እንደሆነ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቃል። ስኳር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ለውዝ የማይስማማው አለ። ይሄ ሁሉ ሰው ወጥ ቤታችሁን አያየውም። የሚያየው የአስተናጋጁን ፊት ነው። ሃይማኖቱንና ጤናውን ለማያውቀው ልጅ አፍ አደራ ሰጥቶ ነው የሚበላው። ለጾም የብቻው ጭልፋ፣ የብቻው መጥበሻ ማድረግ ስንት ብር ነው? አንዳንድ ቤቶች እጀታውን ቀለም ቀብተው ለይተውታል። አይቻለሁ፣ ይሠራል።

የሜኑውንም ነገር ላንሳ። አዲስ አበባ ውስጥ ሜኑ ሳይገልጥ «ያለውን ንገሪኝ» የሚል ደንበኛ ለምን እንደበዛ ታውቃላችሁ። ገልጦ ሦስት ነገር ጠይቆ ሦስቴ «አልቋል» ስለተባለ ነው። የሌለውን ጠዋት ላይ በእርሳስ መሰረዝ ወይም በር ላይ በጥቁር ሰሌዳ ያለውን መጻፍ ቀላል ነው። በአማርኛም ይጻፍ። እንግሊዝኛው ለእንግዳ ይቀመጥ፣ አልተቃወምኩም።

ዋጋው ግን ይብሳል። ሜኑው ላይ 400 ብር የሚል ክትፎ አለ እንበል። ሂሳብ ሲመጣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርና 440 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 506 ብር። ሁለት ሰው ከሆናችሁ 1,012 ብር። ከታች በደቃቅ ፊደል «ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም» ተብሎ ተጽፏል፣ አዎ። ግን ደመወዝተኛ ሰው ሜኑ ሲያይ በሆዱ ነው የሚደምረው። ኪሱን አስልቶ፣ የጋበዛትን ልጅ ፊት እያየ፣ ይበቃኛል ብሎ ነው ያዘዘው። ደረሰኙ ሲመጣ ጆሮው ሲቀላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያ ሰው ምግቡ ቢጥመውም አይመለስም። የሚቆጣው ደግሞ ደረሰኙን ባመጣለት ልጅ ላይ ነው። የንግድ ቢሮን የምለምነው ይህን ነው፦ ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ደንበኛው የሚከፍለው የመጨረሻ ዋጋ እንዲሆን አድርጉልን። 506 ከሆነ 506 ተብሎ ይጻፍ።

ያ 10 በመቶ የት እንደሚገባ ደንበኛው ቢያውቅ ደግሞ ጥሩ ነው። አብዛኛው ሰው ለአስተናጋጁ የሚደርስ ይመስለዋል። ስለዚህ ጉርሻ አይተውም። «ተቆርጦልሃል እኮ» ይላል፣ አይፈረድበትም። እኔ በሠራሁበት ቤት አንድም ወር አልደረሰኝም። የሚያካፍሉ ቤቶች መኖራቸውን አውቃለሁ፣ እዚያ የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ፣ ቤታቸውን ሲጠሩ «የኛ ቤት» ነው የሚሉት። ልዩነቱን ከዚህ ቃል ብቻ ማወቅ ትችላላችሁ።

ሌላም የመጣ ነገር አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከገባ ወዲህ ክፍያው ወደ ስልክ ዞሯል። ለደንበኛም ለቤቱም ተመችቷል። ድሮ ግን ከመልሱ ላይ አሥርም ሃያም ብር ትሪው ላይ ትቀር ነበር። አሁን ደንበኛው ወደ ቤቱ አካውንት ይከፍልና «ፍሬ ብር አልያዝኩም፣ ይቅርታ» ብሎ ይነሳል። ልጁም «ችግር የለም» ይላል። ችግር አለው እንጂ! በእኛ ቋንቋ እናት ለልጇ የምታጎርሰውም፣ ለአስተናጋጅ የሚተወውም ስሙ ጉርሻ ነው። ለብዙ ልጆች ያቺ ጉርሻ የታክሲያቸው፣ የቤት ኪራያቸው ናት። የሠራተኞቹን የጋራ አካውንት በግልጽ ጠረጴዛ ላይ ብትለጥፉላቸው ከእናንተ የሚወጣ ነገር የለም።

የእናንተንም ጭንቀት አላጣሁትም። ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል። ሽንኩርት አንድ ሳምንት ወርዶ በሚቀጥለው ይሰቀላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዘይቱም፣ የማሽን መለዋወጫውም ሌላ ዋጋ ሆኗል። በኮሪደር ልማቱ ቦታ የለቀቃችሁ፣ የሃያ ዓመት ደንበኛ የተበተነባችሁም አላችሁ። መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል። ይህን ሁሉ ችላችሁ በራችሁን ጠዋት ጠዋት ስለምትከፍቱ አከብራችኋለሁ። ግን ወጪ ሲጠነክር መጀመሪያ የሚቆረጠው ከማን ላይ ነው? አምስት አስተናጋጅ የነበረው ሳሎን ወደ ሁለት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ደንበኛው የሚሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «መጣሁ!» «መጣሁ» ማለት ዘጠኝ ጠረጴዛ ይዣለሁ ማለት ነው። ወጥ ቤቱ አንድ ምድጃ ላይ ስድስት ትእዛዝ ደርድሯል ማለት ነው። ደንበኛው ይህን አያውቅም። የሚያውቀው እንደተረሳ ነው።

ከዋጋ ጭማሪ ይልቅ ደንበኛን የሚያባርረው መረሳት ነው ብዬ አምናለሁ። ውሃ ቀድሞ ከደረሰለት፣ «ጥብሱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል» ተብሎ በግልጽ ከተነገረው፣ ሰው ይጠብቃል። ታጋሽ ሕዝብ ነን።

ሙዚቃውን ትንሽ ቀንሱት። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሊጫወት ነው የሚመጣው። የሽንት ቤቱንም ቁልፍ ካሸሩ ጋ አታስቀምጡት፣ ትልቅ ሰው ተሰልፎ ቁልፍ መለመን የለበትም። ሳሙና አስገቡበት። በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

አንድ የቆየ ታሪክ አለ። እቴጌ ጣይቱ ፒያሳ ሆቴል ሲያቋቁሙ፣ በ1898 ዓ.ም ነው ይባላል፣ ሰው በገንዘብ መብላት ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ይስተናገዳል እንጂ ሂሳብ አይጠየቅም። ስለዚህ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው ለሰው አሳዩ ሲባል ሰምተናል። መክፈሉን ከተማርን ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነን። እንግድነቱን ግን አልረሳነውም። እናቴ በገንዘብ በሚበላበት ቤት እየበላችም እንግዳ ነኝ ብላ ነው የተቀመጠችው። አስተናጋጅ የሚለው ስም ራሱ ከዚያ የመጣ ነው። የምታስተናግድ ሰው ናት። ቤቱ ግን እሷን እንደ ሰው ካላስተናገዳት እንግዳችሁን በምን ጉልበቷ ታስተናግዳለች?

የሕጉን ነገር ለማታውቁት ላስታውስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ከደመወዝ መቁረጥም እንዲሁ በካሸር ቃል የሚሆን ነገር አይደለም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ አይቆረጥም። ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። የተሰበረ ብርጭቆ፣ ሳይከፍል የጠፋ ደንበኛ፣ የተመለሰ ምግብ፣ እነዚህ ሁሉ በየማታው ከልጆቹ ላይ ሲሰበሰቡ አይቻለሁ። ከእኔም ተሰብስበዋል። አንድ ማታ አራት ሰዎች ጠጥተው በጓሮ በር ወጡና የነሱን ሂሳብ እስክጨርስ የዚያን ወር ደመወዜን አላየሁትም። በማግስቱ ጠዋት እየሠራሁ ደንበኛን ሁሉ በጥርጣሬ ነበር የማየው። ቁርስ ሊበላ የመጣ ምስኪን ሰው የኔን ፊት አይቶ ምን አስቦ ይሆን?

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ግልባጭ ያደረግሁትም ለዚህ ነው። ይኸው አዋጅ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል። እኔ ትሪ በያዝኩባቸው ዓመታት ሁሉ ያ ወለል አልደረሰልኝም። ስንቀጠር ደመወዛችንን ስንጠይቅ «ቲፕ አለው እኮ» ነበር የሚባለው። ቲፕ ደመወዝ አይሆንም። በደንበኛው የዕለት ሙድ ልክ ቤት ኪራይ መክፈል አይቻልም።

የዚያን ቤት ባለቤት በተለይ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን ደብዳቤ ካነበቡት ራስዎን ያውቃሉ፣ ግድግዳው ላይ አገልግሉ አለ፣ ቧንቧው ሥር በርሜሉ አለ። የዚያን ሮብ የተመለሰው በያይነቱ ሂሳብ ከልጅቷ ላይ ተቆርጦ ከሆነ ይመልሱላት። እኔ ልክፈለው ብዬ ነበር፣ አሁንም ዝግጁ ነኝ። ሲመልሱላት ደግሞ ለምን እንደመለሱላት ወጥ ቤቱም፣ ካሸሩም፣ ሌሎቹ አስተናጋጆችም ባሉበት ይንገሩላት። ጭልፋዎቹንም ይለዩ።

እናቴ በሚቀጥለው ወር ለዓይኗ ቀጠሮ ትመለሳለች። «ያቺ ልጅ ጋ እንሄዳለን አይደል?» ብላ ከወዲሁ በስልክ ጠይቃኛለች። ቀጠሮው ዓርብ ቀን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ አስተናጋጅ፣ የዛሬ ደንበኛ
አዲስ አበባ